በእናት አልጋ አጠገብ፦ ስለ አራስ ሕፃን መኝታ አመራረጥ የቀረበ ዳሰሳ

ከዘመን መለወጫ ዋዜማ ጀምሮ እስከ ጥምቀት ማግሥት ባለው ወራት፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች መውጫ በር ላይ ቆሞ ለተመለከተ ሰው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ወገናችን እየገፋ በሚያወጣው ጋሪ ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ሁሉ በላይ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ በላዩም የተኛ ሕፃን ሥዕል የታተመበት ሰፊ ካርቶን ማየት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የካርቶኑ ባለቤት አክስት ወይም አያት፣ አለዚያም ለክርስትና እናትነት የታጨች ወዳጅ ናት፤ በውስጡ ያለውም፣ በገርጂ ወይም በሰሚት፣ በአያት ወይም በጎሮ የምትገኝ አራስ ልጅዋን ታስተኛበት ዘንድ በፍቅር የተገዛ አልጋ ነው። አንዱ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል፤ ሁለተኛው በእናትየዋ አልጋ ጎን ይታሰራል፤ ሦስተኛው እንደ ወንበር ዘንበል ብሎ ሙዚቃ ያሰማል። ስጦታውን የሚቀበሉት ቤተሰቦች ዕቃውን አመስግነው ይገጣጥሙታል እንጂ፣ ገና የተወለደ ፍጡር በእርግጥ በዚህ ላይ ሊተኛ ይገባዋልን ብለው የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው።

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ያዘለ ስለ ሆነ፣ በየተራ ከማየታችን በፊት ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጥ። አራስ ሕፃን፣ እናቱ እጅዋን ዘርግታ ልትደርስበት የምትችልበት ቅርበት፣ ዳሩ ግን የራሱ የሆነ ጠንካራ፣ ዝርግና ከሕፃኑ በቀር ምንም ነገር የሌለበት መኝታ ያስፈልገዋል፤ ይህን የመሰለ መኝታም በሻንጣ ተጭኖ ከሚመጣው ጌጠኛ ዕቃ ይልቅ ከሰፈር አናጢ እጅ በቀለለ ዋጋ ሊገኝ ይችላል።

ነገሩ በዘመናችን የተፈጠረ ጭንቀት እንዳይመስለን፣ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 የተጻፈውን የሰሎሞንን ፍርድ ማስታወስ ይበቃል። ሰባኪውም ሰዓሊውም የሚያተኩሩት በተመዘዘው ሰይፍና በእውነተኛይቱ እናት ርኅራኄ ላይ ነው፤ ለክርክሩ መነሻ የሆነው ሞት ግን የደረሰው በጠላት እጅ ሳይሆን፣ በአንድ ቤት ከሚኖሩት ከሁለቱ ሴቶች አንደኛይቱ በሌሊት ሳታውቅ በገዛ ልጅዋ ላይ ተኝታበት መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የነበሩ የንስሐ መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰባቸው ወላጆች ላይ ቀኖና ይደነግጉ ነበር፤ ይህም አደጋው በየዘመኑና በየሕዝቡ የታወቀ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን የሐኪም ጉዳይ ሳይሆን የኃጢአት ጉዳይ ተደርጎ ይታይ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሊቃውንተ ሕክምና በጥንቃቄ መመርመር የጀመሩት እጅግ ዘግይተው ነው። ጤናማ መስሎ የተኛ ሕፃን ጧት ሞቶ መገኘቱ ወላጆችን ሲያስደነግጥና ሐኪሞችን ግራ ሲያጋባ ከኖረ በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒውዚላንድ የተደረገው ሰፊ ምርመራ፣ በሆድ መተኛት፣ የትንባሆ ጢስና ጡት አለመጥባት አደጋውን እንደሚያበዙት አሳየ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዞች በ1991 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን በጀርባ ስለ ማስተኛት ሕዝባቸውን ማስተማር ጀመሩ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 ምክሩን አወጣ፤ በ1994 ደግሞ በመላ አገሪቱ ዘመቻ ታወጀና፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። በዚያው በ1994 ፊሊያኖና ኪኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ይኸውም ሞቱ የሚደርሰው፣ በተፈጥሮው ደካማ የሆነ ሕፃን፣ አደገኛ በሆነው የዕድሜ ወቅት ላይ ሳለ፣ ከውጭ የሚመጣ ጫና ሲገጥመው ነው የሚል ነው። ከሦስቱ በወላጅ እጅ ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ መኝታውም የሚገባው በዚህ በሦስተኛው ክፍል ነው።

በእኛ ቤት ግን በጀርባ ስለ ማስተኛት ሲነገር ወዲያው የሚነሣ አንድ ፍርሃት አለ፤ እርሱም ትን ይለዋል የሚለው ነው። አያቶች ሕፃኑን በጎኑ አድርገው ከኋላው ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ የሚያስደግፉት ከዚህ የተነሣ ስለ ሆነ፣ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። የሰውነታችን አሠራር ግን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው፤ ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚውል፣ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ይገባ ዘንድ ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል፤ በሆዱ ሲተኛ ግን ሥፍራቸው ይለዋወጣልና መንገዱ ይቀናለታል። በጎን የተኛ ሕፃን ደግሞ ሳይታሰብ ወደ ሆዱ ይገለበጣል፤ ያ መደገፊያ ትራስም ፊቱን ሊሸፍንበት ይችላል። ጭንቅላቱ ቅርጹን እንዲይዝ ተብሎ ስለሚደረገው ትራስም የምለው ይህንኑ ነው።

ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ ትምህርት ወደ አገራችን ስናስገባ ግን የራሳችንን ሁኔታ አስቀድመን ማየት ይገባናል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ 48ቱ ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ የጨቅላዎቹ ሞት ዋና ምክንያቶችም ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ተላላፊ ሕመም ናቸው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የእናት ጡትና የእናት ሙቀት ከማናቸውም ዕቃ ይቀድማሉ፤ ሕፃኑን ከእናቱ የሚያርቅ፣ ሌሊት ለማጥባት የሚያሰንፍ መኝታ፣ የቱንም ያህል የተመሰከረለት ቢሆን፣ ለአዲስ አበባ አራስ መልካም መኝታ ሊባል አይችልም።

የቅርበትን ኃይል የሚያሳይ ታላቅ ምስክር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ሙቀት መስጫ ሣጥን ያነሳቸው ሐኪሞች ክብደታቸው ያነሰ ጨቅላዎችን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሰር ከጀመሩ በኋላ፣ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው ይህንኑ ዘዴ በአዲስ አበባ መርምረው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል፤ ገላ ለገላ የተያዙት ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ መባል ያለበት ግን፣ ይህ አያያዝ ሕፃኑ ቀጥ ብሎ፣ አንገቱ ሳይታጠፍ፣ ፊቱ ሳይሸፈን በጨርቅ ታስሮ፣ እናትየዋም በሠለጠነ ሰው ተመርታ የምትፈጽመው ሥርዓት መሆኑ ነው፤ ድካም በጣላት እናት ጎን፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ከመተኛት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ታላቅ ስሕተት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሕፃኑ የት ይተኛ ብንል፣ በአንድ አልጋ፣ በአንድ ክፍል ወይም በተለየ ክፍል የሚሉት ሦስት መልሶች ይቀርባሉ። የተለየ ክፍል የሚባለውን በቶሎ እንለፈው፤ የኮንዶሚኒየም ሥራ በሙከራ ከተጀመረበት ከቦሌ ገርጂ አንሥቶ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ በተሠሩት ቤቶች ለጨቅላ የተለየ ክፍል የሚተርፈው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ቢተርፍም የአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ምክር ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር በወላጆቹ ክፍል ይተኛ ብለዋል። በዚህ ረገድ ድህነታችን ከብዙ ባለጸጎች ፋሽን ይልቅ ጥበበኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ትልቁ ክርክር ያለው በአንድ አልጋ ስለ መተኛት ነው። የኢትዮጵያ እናት ከልጅዋ ጋር ስትተኛ ኖራለች፤ ጃፓናውያንም ከልጆቻቸው ጋር በአንድነት ይተኛሉ፣ እንዲህም ሆኖ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በአገራቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልማዱን በደፈናው የሚያወግዙትን አልከተልም። ነገር ግን የጃፓኑ መኝታ ወለል ላይ የተነጠፈ ቀጭንና ጠንካራ ፍራሽ እንደ ሆነ፣ የአባቶቻችንም መኝታ ቁርበት የለበሰ መደብ ወይም የጠፍር አልጋ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ዛሬ በሃያ ሁለትም ሆነ በመገናኛ ሱቆች የሚሸጠው አልጋ ሰው ሲተኛበት የሚሰምጥ ስፖንጅ፣ የቻይና ብርድ ልብስና አራት ትራስ ያለበት ነው። ልማዱ የቀድሞው ሆኖ አልጋው ግን ተለውጧል፤ የብዙ ሰው ክርክርም የሚሳሳተው ይህን ለውጥ ባለማየቱ ነው። ከወላጆቹ አንዱ የሚያጨስ ወይም መጠጥ የቀመሰ እንደ ሆነ፣ እንቅልፍ የሚያበዛ መድኃኒት የወሰደ እንደ ሆነ፣ ሕፃኑም ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የነበረ እንደ ሆነ፣ በአንድ አልጋ መተኛቱ አያከራክርም፤ ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ እንቅልፍ መውሰድ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ለወላጆች የሚሰጠው ምክር አደጋው እስከ 50 እጥፍ እንደሚደርስ ይገልጻል። አራስ ጠያቂ በበዛበት ሳሎን ውስጥ፣ ገንፎውና አጥሚቱ ከቀረበ በኋላ፣ የደከመችው እናት ሕፃኑን ይዛ በሶፋው ጥግ ስታሸልብ ማየት የተለመደ ነውና፣ ዘመድ ከስጦታ አስቀድሞ ሊሰጣት የሚገባው አገልግሎት ሕፃኑን ተቀብሎ በመኝታው ማስተኛት ነበር።

እንግዲህ የቀረው መካከለኛው መንገድ፣ ማለትም በእናት አልጋ አጠገብ የሚቆም የሕፃን አልጋ ነው፤ ወደ ካርቶኖቹም የምንመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ከእናት አልጋ ጋር የሚገጥመው ዓይነት፣ በትክክል ከተገጠመ፣ በተለይም በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት እጅግ የሚረዳ ነው። የአደጋው ሥፍራ በሁለቱ ፍራሾች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሕፃን ፊት ሊይዝ ወደሚችል ጎድጓዳ በአንድ ሌሊት ሊሰፋ ስለሚችል፣ አልጋው በመቀነቻው ከትልቁ አልጋ ጋር ሳይላላ መታሰር አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ዝቅ ባለው ጎን በኩል እንኳ ከፍራሹ በላይ 12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግድብ እንዲቀር ማስገደዱ፣ የአዋቂው ብርድ ልብስ ወደ ሕፃኑ፣ ሕፃኑም ወደ አዋቂው አልጋ እንዳይሻገር ነው። ለዚያ መለኪያ የተሠራው አልጋ ግን ለአውሮፓ አልጋ ቁመት የተሠራ ነው፤ የእኛ አናጢ ከሠራው ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ አልጋ ጋር አልገጥም ሲል፣ ከሥሩ መጽሐፍና ጣውላ እየደረደሩ ከማስተካከል ይልቅ አራቱንም ጎን ዘግቶ ለብቻው ማቆም ይሻላል።

ዘንበል ያለውና የሚወዛወዘው ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ በሰፊው ይሸጥ የነበረው የፊሸር ፕራይስ «ሮክ ኤን ፕሌይ»፣ ከ30 በላይ ሕፃናት ከሞቱበት በኋላ፣ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. 4.7 ሚሊዮን ያህሉ ከገበያና ከየቤቱ እንዲመለስ ተጠራ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአራስ ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱም ደካማ ስለ ሆነ፣ ዘንበል ባለ ነገር ላይ ሲተኛ አገጩ በደረቱ ላይ ይወድቅና የአየሩ መንገድ እንደ ታጠፈ የውኃ ጎማ ይዘጋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ዘንበል የሚል የሕፃን መኝታና በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ለስላሳ ትራስ መሰል መከዳ በአሜሪካ እንዳይሸጡ ተከለከሉ። ሕጉ የሚገዛው ግን የዚያን አገር ሱቅ ነው፤ የእኅቷ ልጅ ከተጠቀመበት በኋላ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ የምትከተውን አክስት አይገዛም፤ የቦሌ ጉምሩክም ቢሆን ስለ ቀረጡ እንጂ ስለ አልጋው ዝንባሌ አይጠይቃትም። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከውጭ ለምታመጡ፣ ከመጫናችሁ በፊት የሠሪውን ስምና የዕቃውን ቁጥር ይዛችሁ ተመለስ ተብሎ እንደ ሆነ እዚያው አጣሩ እላለሁ፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚያጣራው የለምና። አውራ ጎዳና ላይ ለመኪና የተሠራው የሕፃን መቀመጫም ከቦሌ እስከ ቤት ድረስ ግሩም ነው፤ ቤት ሲደርሱ ግን ሕፃኑን ከዚያ ማውጣት ይገባል።

ገንዘብ ለሌለው፣ ወይም ዘመድ ባሕር ማዶ ለሌለው፣ መልካሙ አልጋ በደጁ አለ። ለአናጢው የሚነገረው ጥቂት ነገር ነው፤ የርብራቡ ቋሚዎች መካከል ከ6 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋ፣ ፍራሹ ከአራቱም ጎን ጋር ተጣብቆ የሚገጥም፣ ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ እንጂ የእጅ ምልክት ይዞ የማይቀር፣ ጫፉና ምስማሩ ያልወጣ፣ ቀለሙም አስቀድሞ ደርቆ ሽታው የጠፋ ይሁን ማለት ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ቅርጻ ቅርጽ ለእንግዳ ዓይን ነው። የፊንላንድ መንግሥት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የልብስ ካርቶን፣ በውስጡ ቀጭን ፍራሽ ስላለው፣ ለብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ አልጋ ሆኗል፤ በኒውዚላንድ ደግሞ የማኦሪ ሕዝብ ሽማግሌዎችና ሐኪሞች፣ እናቶች ልጆቻቸውን ከአልጋቸው አናወጣም ባሏቸው ጊዜ፣ ከአገራቸው ቃጫ የተሠፋ ጠፍጣፋ ቅርጫት አዘጋጅተው በዚያው አልጋ ላይ ሕፃኑ በራሱ ሥፍራ እንዲተኛ አደረጉ። ይህ ሁለተኛው እጅግ ያስቀናኛል። ሙሴን በደንገል ሣጥን ውስጥ ያኖረችውን እናት ታሪክ በየዓመቱ የምንሰማ፣ ከሰንደዶና ከአክርማ መሶብ፣ ከአገው ምድር ቀርከሃ ወንበር የምንሠራ ሰዎች፣ ጠርዙ አጠር ያለ፣ ታቹ ዝርግና ጠንካራ የሆነ የሕፃን መኝታ ለመሥራት የሚያንሰን ጥበብ አይደለም፤ እስከ አሁን የጠየቀን ስለሌለ ብቻ ነው።

አልጋው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው በላዩና በዙሪያው ያለው ነው። ዓይነ ጥላና ቡዳ እንዳያገኘው ተብሎ በሕፃኑ ፊት ላይ ነጠላ መጣል በብዙ ቤት አለ፤ በትራስ ሥር ብረት ወይም ቢላዋ ማኖርም አልጠፋም። እምነቱን የሚመረምር ካህን ነው፤ እኔ የምለው ነጠላው በአልጋው ላይ ሳይሆን በክፍሉ መስኮት ላይ፣ ብረቱም ከፍራሹ ውጭ ቢሆን፣ ባለ ልማዷ ምንም አትጎዳም ነው። ቁርና ብርድ ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የሌሊቱ አየር ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ፣ ሕፃኑን በተጨማሪ ልብስ ማልበስ እንጂ ጋቢ መከመር አያሻም፤ ላቡ አንገቱ ላይ ከታየ ልብሱ በዝቷል። የከሰል ምድጃ አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ግን ከልማድም ከምርጫም ውጭ ነው፤ ሽታ የሌለው ጋዙ እናትንም ልጅንም ባንድ ሌሊት ይወስዳል፤ በአራስ ቤት ከአልጋው አመራረጥ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ክልከላ ነው።

በቦሌ በኩል ለሚጓዙ አራሶች አንድ ቃል ልጨምር። በረጅም በረራ ላይ በፊተኛው ግድግዳ የሚንጠለጠለው የሕፃን አልጋ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ፣ ሲያርፍና ሲናወጥ ሕፃኑ ከዚያ ወጥቶ ወደ እናቱ ጭን ይመለሳል። አየሩ ሳስቶ ይጎዳዋል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ነገር ግን ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ያለ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 በውስጡ የሚጠብቀው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ አየር ጋር ስለሚስተካከል፣ የአዲስ አበባው ሕፃን ወደ ሰማይ ወጣ ሲባል፣ በአየሩ ረገድ ወደ ቆላ የወረደ ያህል ነው። ከፍታ በእርግጥ የሚታሰብ ነገር ነው፤ በኮሎራዶ ተመርምሮ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ2,400 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ድንገተኛው ሞት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል፤ ደማቸው በብዙ ትውልድ ደጋን ከለመደ ሕዝብ ጋር ግን በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሲሆን ክርስትናው ይፈጸምና የአራስ ቤቱ ጥንቃቄ ይላላል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው የ90 ቀን ዕረፍትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልቅና፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በሌሊት ፈረቃ የምትሠራው እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ድንገተኛው ሞት የሚበዛው ግን በሁለተኛውና በአራተኛው ወር መካከል ነው፤ ማለትም ጠያቂው ሁሉ ከሄደ፣ ሕፃኑም በሞግዚት ወይም በአያት እጅ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ሕፃኑን የምታስተኛው ሴት ከዚህ በላይ የተጻፈውን አላነበበችም፤ በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ያለ ትራስና ያለ ጋቢ የሚለውን እናትየዋ በራሷ አፍ ልትነግራት፣ አንድ ሌሊት አብራትም ልታሳያት ይገባል። ለሞግዚት የሚነጠፈው ፍራሽም ሕፃኑ ባለበት ክፍል ይሁን እንጂ ወጥ ቤት አይሁን። ሕፃኑ በእጁ ተደግፎ መነሣት ወይም መገልበጥ ሲጀምር፣ ትንሹ አልጋ ጊዜው አልፏልና ወደ ትልቁ የሕፃን አልጋ ይዛወራል፤ ትንሹም ለሚቀጥለው አራስ ጎረቤት ሲዋስ፣ ብሎኖቹ ተቆጥረው፣ ተጠብቀውና ፍራሹ ሳይለወጥ አብሮ ይሄዳል።